እዚህ አገር ልብ ማለት ጨጓራ ነው

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ። ኬኩ ተቆርሶ ለስላሳው ካለቀ በኋላ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ተነሥቶ ስለ እኔ ተናገረ። ሠላሳ ምናምን ዓመት እንዳገለገልሁ፣ ከስንት አለቃ ጋር ሠርቼ ከአንዱም እንዳልተጣላሁ (ይህ ውሸት ነው፤ ከሦስቱ ጋር ተጣልቻለሁ)፣ ጀማሪ ሐኪሞችን እንደ እናት እንዳሳደግሁ ዘረዘረ። በመጨረሻም ሁሉም ሲጠብቃት የነበረችውን ቀልድ አመጣት። «ሲስተር ውባለም ባትኖር ኖሮ፣ እዚህ አገር ልብ ማለት ጨጓራ መሆኑን ማን ይነግረን ነበር?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ያችን ቀልድ ያመጣኋት እኔ ነኝ። በእሷ ጦስ ሰው መሞቱን ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የመናገር ተራዬ ሲደርስ ልናገረው ብዬ ተነሣሁ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋቢው ይሞቃል» ብዬ ተቀመጥሁ። ያን ቀን አፌ ስለተያዘ ነው ዛሬ የምጽፈው።

የመጀመሪያ ምድቤ ደልጊ ነበር። ከነርስ ትምህርት ቤት ወጥተን ዕጣ ስናወጣ ጓደኞቼ የሚታወቅ ከተማ ሲደርሳቸው ለእኔ ከጣና ማዶ ያለችው ደልጊ ወጣችልኝ። ዓሣና ጤፍ እንጂ ሌላ ነገር የላትም ብለው አስፈራሩኝ፤ እያለቀስሁ ነው የሄድሁ። የመጀመሪያ ደመወዜ የደረሰኝ በሦስተኛው ወር ሲሆን፣ እስከዚያ ያበሉኝ አቶ ፈንቴና ባለቤታቸው ናቸው።

አቶ ፈንቴ የድሮ ድሬሰር ነበሩ። ቁስል ከማጠብ ተነሥተው፣ በልምድም በንባብም አድገው፣ ዶክተር ባልነበረበት ጤና ጣቢያ አገሩ ሁሉ «ሐኪም» የሚላቸው ሰው ሆኑ። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ነጭ ጋዋናቸውን ለማንም ሳይሰጡ ራሳቸው ያጥባሉ። አንዲት ማይክሮስኮፕ ነበረችን፤ መብራት ስላልነበረ መስተዋቷን ወደ መስኮቱ አዙረን በፀሐይ ነበር የምንሠራባት። ደመና በሆነ ቀን ወባ አይታይም። ስለዚህ አቶ ፈንቴ የደም ምርመራ ከማዘዛቸው በፊት በመስኮቱ ሰማዩን ያያሉ። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ክረምትና በጋ የሚያዙት ምርመራ የማይገናኘው በሽታው ተለውጦ ሳይሆን ሰማዩ ተለውጦ ነበር።

ሆድ ከመንካታቸው በፊት ሁለቱን መዳፋቸውን አፋትገው ያሞቃሉ። ቀዝቃዛ እጅ ሲነካው ሆድ ይደነግጣል፣ የደነገጠ ሆድ ደግሞ ይዋሻል ይላሉ። ከሁሉ በላይ ግን ቃል አያምኑም። ታማሚው ወገቤን ቢል፣ ጎኔን ቢል፣ ጭንቅላቴን ቢል መልሳቸው አንድ ነው፦ «በአንድ ጣትዎ ያሳዩኝ።»

አንድ ቀን ሰልፉ አሰልችቶኝ ለምን ሁልጊዜ እንደዚያ እንደሚሉ ጠየቅኋቸው።

«ቃል ካገር አገር ይለያያል፣ ልጄ» አሉኝ። «የአቸፈር ሰው ጎኔን ሲል ሌላ፣ የጣቁሳው ሲል ሌላ ነው። ጣት ግን አይለያይም። አንዲት ቦታ ጠቁሞ ካሳየሽ ያችን ቦታ እይለት። መዳፉን ዘርግቶ ሆዱ ላይ ካዞረው አንጀቱ ነው። እጁን ጭብጥ አርጎ ደረቱ ላይ ካስቀመጠ ግን ጣቱን አትጠብቂ፤ እንዲያው ዝም ብለሽም እንዳትሸኚው።»

ስድስት ዓመት ከእሳቸው ጋር ሠራሁ። ከዚያ ባለቤቴ ባህር ዳር ፋብሪካ ተቀጥሮ ሹም አቦ ሰፈር ቤት ስለተከራየ ዝውውር ጠየቅሁ። ስንሰነባበት አቶ ፈንቴ ጀልባው ድረስ ዕቃዬን ተሸክመው ሸኙኝ። ምክር ይጨምሩልኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ከተማ ነውና ጫማሽን ጥረጊ» ብቻ አሉኝ።

ባህር ዳር የሠራሁበትን ሆስፒታል ስም ትቼዋለሁ፤ የማወራው ስለ ራሴ እንጂ ስለ ቤቱ አይደለምና። ተመላላሽ ክፍል ነበርሁ፤ ካርድ ማቀበል፣ ግፊት መለካት፣ ሐኪሙ የሌላ አገር ሰው ከሆነ ደግሞ አስተርጓሚ መሆን ነው ሥራዬ። የማስተረጉመውም አማርኛን ወደ አማርኛ ነው። የገጠሩ ሰው ሕመሙ ውስጥ ውስጡን ሲበላው «እንዲያው ይመረምረኛል» ሲል የአዲስ አበባው ልጅ ማን እንደመረመረው ይጠይቃል።

እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ትምህርት ቤት ያልነገሩኝን ነገር አየሁ። አንድ ሕመም ሁለት ሐኪም ካየው ሁለት ሕመም ይሆናል። ዶክተር አያሌው የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፤ ጉልምስናቸውን ላብራቶሪ በሌለበት ወረዳ የጨረሱ። ቀኑን ሙሉ ሠርተው አንድ ወይ ሁለት ሰው ቢልኩ ነው። «ወረቀት አያክምም» ይላሉ። ዶክተር ናትናኤል ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው፤ ራሱን ላመመው ሰው ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ ሲብስም ራጅ ያዛል። አንዲት ሴትዮ ሐሙስ ዕለት ዶክተር አያሌው ጋ ገብታ «ደህና ነሽ፣ ውኃ ጠጪ» ተብላ ወጣች። በማግስቱ ያንኑ ሕመም ይዛ ዶክተር ናትናኤል ጋ ብትገባ አምስት ክፍል አዞራት፤ በመጨረሻ እሱም ውኃ ጠጪ አላት። እሷ ግን የመረቀችው እሱን ነው። «ይሄስ አገላብጦ አየኝ» አለች።

ሰዉም ይገፋል። ከፔዳ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የሚመጡ አንዳንድ መምህራን የሚታዘዝላቸውን ምርመራ ራሳቸው ጽፈው ይመጣሉ፤ እምቢ ካልሃቸው ይቆጣሉ። ከሐይቁ ማዶ የመጣውን ሰው ጉዳይ ደግሞ የሚወስነው ጀልባው ነው። ማክሰኞ ጠዋት ተሳፍሮ የሚሄድ ሰው ሐሙስ የሚደርስ ውጤት ምን ያደርግለታል? ሐኪሙም ይህን ስለሚያውቅ አያዝለትም። አለቆቻችን ግን ነገሩን «አንዱ ሰነፍ፣ አንዱ አባካኝ» ብለው ይደመድሙት ነበር። እኔም እንደዚያ ነበር የማስብ።

የልብ መመርመሪያዋ ማሽን፣ ኢሲጂ የምንላት፣ በእኔ እጅ ነበረች። በቀላሉ የምትታዘዝ ዕቃ አይደለችም። የታማሚውን ደረት በአልኮል ጠርገህ፣ ፀጉር ካለው ላጭተህ፣ ቅባቱ ያለቀ እንደሆነ ጥጥ በጨው ውኃ ነክረህ ነው ገመዶቿን የምትለጥፍ። ገጠሬው ገመዱን ሲያይ ይነዝረኛል ብሎ ይንቀጠቀጣል፤ ከተንቀጠቀጠ ሥዕሉ ይበላሻል። ስለዚህ አጠገቡ ቆሜ ስለ ከብቱና ስለ ማሳው እጠይቀዋለሁ፤ ወሬ ሲይዘው ይረጋል። የምትስልበት ወረቀት በጥቅል የሚመጣ፣ ሮዝ መስመር የተሰመረበት ነው። ጥቅሉ ሲያልቅ ከግምጃ ቤት እስኪመጣ ሳምንትም ወርም ይፈጃል።

ዶክተር ናትናኤል በመጣ ሰሞን ያን ወረቀት ፈጀብኝ። በእኛ አገር ገበሬው «ልቤን» ሲል ብዙ ጊዜ ከእምብርቱ በላይ፣ ከደረቱ በታች ያለውን ማለቱ ነው። ቢያቅለሸልሸው ልቤን፣ ቢያቃጥለው ልቤን፣ ጾም ሲረዝምበት ልቤን ነው። ልጁ ይህን አያውቅም፤ ልቤን ያለውን ሁሉ ወደ እኔ ይልካል። አንድ ቀን እውነተኛ የልብ ሕመምተኛ፣ እግሯ ያበጠ ሴት መጥታ ወረቀት አልቆ ሳናነሣት ዋለች። ተናደድሁና ገብቼ ነገርሁት።

«ዶክተር፣ እዚህ አገር ልብ ማለት ጨጓራ ነው!»

ሳቀ፤ ማስታወሻው ላይም ጻፈው። የሳምንቱ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ሲናገረው አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ወዲያ አንድ ጥቅል ወረቀት ለወራት ይበቃን ጀመር። አዲስ ሐኪም በመጣ ቁጥር «ሲስተር ውባለም ጋ ሂድና ልብ ምን እንደሆነ ተማር» ይሉታል። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ነገር ግን አቶ ፈንቴ ያስተማሩኝን፣ በአንድ ጣትዎ ያሳዩኝ ማለትን፣ ለአንዳቸውም አላስተማርሁም። እኔም ራሴ ከተወሁት ቆይቼ ነበር።

መሪጌታ ይኄይስ የመጡት በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ከደልጊ ወዲያ ባለ የሐይቅ ዳር ደብር የድጓ መምህር ናቸው። ስድሳን አልፈዋል፤ ነጭ ጥምጥም ጠምጥመው ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። እናትነሽ የምትባል ልጃቸው ደግፋ አስገባቻቸው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ትንሽ አረፉ።

«ምንዎን ነው የሚያመዎት?» አለ ዶክተር ናትናኤል።

«ልቤን።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥምቀት ወዲህ። ከሐይቁ ወደ ደብሩ ሽቅብ ስወጣ ልቤን ጥፍንግ አርጎ ይይዘኛል። ስቆም ይለቀኛል።»

ዶክተር ናትናኤል ወደ እኔ ዞረ። «ኢሲጂ እናንሣላቸው እንዴ፣ ሲስተር?»

ሰልፉ ኮሪደሩን ሞልቶ በሩ ላይ ይጋፋል። የቀረችኝ አንዲት ጥቅል ናት። ባለፈው ሳምንት ልቤን ብሎ የገባው ሁሉ ጨጓራው ነበር። «ጨጓራ ነው፣ ዶክተር» አልሁት። «የኔታ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾሙ አንተ አታውቅም።»

መሪጌታ ቀና ብለው አዩኝ። «ልቤን ነው ያልሁ» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ የኔታ፣ ገብቶናል» አልኋቸው።

እጃቸው ጋቢው ውስጥ ነበር። የት ላይ እንዳስቀመጡት አላየሁም። በአንድ ጣትዎ ያሳዩኝ ለማለት ሦስት አራት ቃል ነበር የሚበቃኝ። የጾም ቀን ነው፣ እሳቸው የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ እኔ ሴት፤ ጋቢዎን ይግለጡልኝ ማለት አፍሬ ነው እያልሁ ለዓመታት ራሴን ሳባብል ኖሬያለሁ። ውሸቴን ነው። ዐውቃለሁ ብዬ ነው ያልጠየቅሁ።

ዶክተሩ የጨጓራ መድኃኒት ጻፈ። ኮሪደሩ ላይ እናትነሽን ይዤ እንዴት እንደሚወስዱት አስረዳኋት። «ባዶ ሆዳቸውን እንዳይውሉ» አልኋት። «ጠዋት ጠዋት ትንሽ ነገር ይቅመሱ።» መሪጌታ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የነፍስ አባቴን ሳልጠይቅ አይሆንም» አሉ። «እግዜር ሕመምተኛ ጹም አላለም፣ የኔታ» ብዬ ቀለድሁና ወደ ሰልፌ ተመለስሁ።

እናትነሽ ተመልሳ የመጣችው አርባቸው ከወጣ በኋላ ነው፣ ጥቁር ለብሳ። ስታየኝ አልተቆጣችም፤ ባትቆጣኝ ባሰብኝ። አባቷ በማግስቱ ጀልባው ላይ፣ ደልጊ ሳይደርሱ ማረፋቸውን ነገረችኝ። «እንዲያው ምን ነበር ሕመማቸው? እንድትነግሩኝ ነው የመጣሁ» አለች።

«እንዴት ሆነው ነው ያረፉ?» አልኋት።

«ላብ አጠመቃቸው። ነጠላቸው እስኪርስ። እንዲህ አሉ» አለችና እጇን ጭብጥ አድርጋ ደረቷ መካከል ላይ አስቀመጠችው።

አቶ ፈንቴ አጠገቤ የቆሙ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም፤ ልጅቱ እንጀራዋን አዝላ ሐይቅ ተሻግራ የመጣችው ለዚያ ነው። እኔ ግን ክሱ፣ ስሜ፣ ልጆቼ ባንድ ጊዜ ታዩኝ። «ጨጓራ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል፣ እህቴ። ሞት ቀን አለው» አልኋት። አመስግናኝ ሄደች። ማመስገኗ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ለዶክተር ናትናኤል የዚያኑ ቀን ነገርሁት፤ የእጇን ጭብጥ ሳይቀር አሳየሁት። «ሐኪሙ እኔ ነኝ፣ ሲስተር፤ እርስዎ አይደሉም» አለኝ። ኢሲጂውን ብናነሣ ይታይ ነበር? አላውቅም። ልብ ተይዞ ሥዕሉ ደህና የሚመስልበት ጊዜ አለ። ባናነሣ ግን ማወቂያ እንደማይኖረን ዐውቅ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጥርሱን ያመመውን ሰው ሳይቀር ኢሲጂ ያዝዝ ጀመር። ወረቀቱ በሳምንት ያልቃል። አለቆች ጠርተው ገሠጹት፣ አባካኝ የሚል ስም ወጣለት፤ አንድ ቀንም ምክንያቱን አልተናገረም። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሲገሥጹት እሰማለሁ፣ እኔም አልተናገርሁም። በዓመቱ ለትምህርት ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ዶክተር አያሌው ነገሩን የጠረጠሩ ይመስለኛል። አንድ ቀን ካርድ ሳቀብላቸው ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ወጣት ሳሉ ለአንዲት ሕፃን ለምርመራ ከጀርባ አጥንቷ ውኃ እንዲቀዳ አዝዘው እጃቸው ላይ ሞተችባቸው። ኋላ ሲያስቡት ምርመራው አያስፈልጋት ነበር። «ከዚያ ወዲህ ብዕሬ እሺ አይለኝም» አሉ። ያን ጊዜ ነው ሁለቱ ሐኪሞች የገቡኝ። አንዱ ባለማዘዙ ሰው ሞቶበታል፣ ሌላው በማዘዙ። ሁሉም እንዲህ ነው አልልም፤ ትምህርቱም፣ ጀልባውም፣ ግምጃ ቤቱም የየራሱ ድርሻ አለው። ግን ምንም ሳያዝ ወይም ሁሉን አዝዞ የሚሸኝህን ሐኪም ባየህ ጊዜ ሰነፍ ወይም አባካኝ ለማለት አትቸኩል።

እኔ ከዚያ በኋላ የሚገባውን ሁሉ በአንድ ጣትዎ ያሳዩኝ እል ጀመር። ወጣቶቹ የእርጅና ጠባይ መሰላቸው። ያችን የተረገመች ቀልድ ግን መግደል አልቻልሁም። ከእኔ አፍ ወጥታ ከሐኪም ወደ ሐኪም ስትዞር ኖራ፣ እንዳልኋችሁ፣ መሸኛዬ ላይ ጠበቀችኝ።

ከመሸኛዬ በኋላ ወር ቤት ውስጥ ተቀመጥሁ። ከዚያ የሸለሙኝን ጋቢ ለብሼ ጀልባ ተሳፈርሁ። አቶ ፈንቴ ካረፉ ቆይተዋል፤ ደልጊ የምፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እናትነሽን ጠይቄ አገኘኋት። ዐሥራ አንድ ዓመት ፀጉሯን ሸበት ሸበት አድርጎታል። አላወቀችኝም ነበር፤ ድምፄን ስትሰማ ግን «ሲስተር!» አለች፣ ወንበር አውጥታ ደጃፏ ላይ አስቀመጠችኝ። ሰላምታው ሳያልቅ ነገርኋት፤ ካለቀ ጉልበት አጣለሁ ብዬ ፈርቼ።

«እናትነሽ፣ አባትሽን የገደላቸው ጨጓራ አይመስለኝም። ልባቸው ነው። ልቤን ሲሉ ሰምቼ ጨጓራ ነው ያልሁ እኔ ነኝ። አንቺ ስትመጪም ዐውቄ ዋሸሁሽ።»

ወደ ሐይቁ ዞረች።

«አባቴ ቃል አይስቱም ነበር» አለች። «ሆዴን ለማለት ቢሹ ሆዴን ይሉ ነበር። አንዲት ፊደል የሳተ ተማሪ ቀኑን ሙሉ የሚያስደግሙ ሰው ናቸው እኮ።»

«አሁንማ ዐወቅሁ» አልሁ።

«እንግዲያ በሶው አይዶለም?»

«የምን በሶ?»

ጀልባው ላይ ነው፣ አለችኝ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና ሁለት ሰዓት። መድኃኒቱን ሊውጡ ሲሉ፣ ሲስተሯ ባዶ ሆድዎን አይዋሉ ብላለች ብላ በሶ በጠበጠችላቸው። የነፍስ አባቴን ሳልጠይቅ አልገድፍም አሉ። ለመነቻቸው፤ እምቢ ሲሉ አለቀሰችባቸው። እንባዋን አይተው አማተቡና ጠጡት። ጥቂት ቆይቶ ደረታቸውን ያዙ።

«ጨጓራ ነው ስላላችሁኝ» አለች፣ «በሶዬ ነው የገደላቸው ብዬ ነው የኖርሁ። ለእናቴም አልነገርሁ፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርሁ። ከዚያ ወዲህ በሶ ቀምሼ አላውቅም።»

«በሶው አይደለም፣ ልጄ። በሶ ሰው አይገድልም።»

«አይዶለም?»

«አይደለም።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ፤ ሸክሟን ያወረድሁላት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ነጠላዋን ገለጠችና ዐይኔን እያየች ጠየቀችኝ።

«መድኃኒቱ ለማያማቸው ነገር ከነበረ፣ ጾማቸውን ያስገደፍኋቸው በከንቱ ነው?»

ዳግመኛ ልዋሻት አልቻልሁም።

«አዎ» አልኋት።